የድምፅ ቻቱና ክሬዲት ካርዱ፦ የፎርትናይት ክስ ለታዳጊ ልጆች ወላጆች የሚያሳየው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ፎርትናይት የተባለውን የተኩስ ጨዋታ የሚያዘጋጀው ኤፒክ ጌምስ በቀረቡበት ሁለት ክሶች 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን አስታወቀ። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የሕፃናትን የኢንተርኔት ግላዊነት የሚጠብቀው ሕግ ተጥሷል በሚል የተጣለ ቅጣት ሲሆን፣ የኮሚሽኑን ደንብ በመጣስ እስከዚያ ቀን ድረስ ከተጣሉት ቅጣቶች ሁሉ ትልቁ ነበር። ቀሪው 245 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ሳይፈልጉ ገንዘብ ለወጣባቸው ተጫዋቾችና ወላጆች እንዲመለስ የታዘዘ ነው። ጉዳዩ በስምምነት ስላለቀ ክሱ በፍርድ ቤት ክርክር አልተፈተነም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ኩባንያው አደረገ የተባለውን ስጽፍ ኮሚሽኑ በክሱ ያቀረበውን መናገሬ እንደሆነ አንባቢ እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ።

ስለ እነዚህ ጨዋታዎች ከወላጆች ጋር ወሬ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው ጠመንጃው ነው፤ ቀጥሎ ልጁ ስክሪን ፊት የሚያሳልፈው ሰዓት። ሁለቱም ተገቢ ጭንቀቶች ናቸው። ይሁን እንጂ የክሱን ዝርዝር የተመለከተ ሰው ጠመንጃውም ሰዓቱም የክሱ ጭብጥ እንዳልነበሩ ያያል። ኮሚሽኑ የጠየቀው ልጁ ከማን ጋር እንዲነጋገር እንደተደረገና የወላጁ ገንዘብ በምን መንገድ እንደወጣ ነው። ሁለቱንም የሚወስኑት ደግሞ ልጁ ጨዋታውን ከመክፈቱ በፊት በኩባንያው ተመርጠው የተቀመጡ ሴቲንጎች ነበሩ። ጉዳዩን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ወላጅ በቤቱ ሆኖ በገዛ እጁ ሊለውጠው የሚችለው ነገር የት እንዳለ በግልጽ ያሳያልና።

ጨዋታው

ኤፒክ ጌምስ መቀመጫው በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ኬሪ ከተማ ነው። የፎርትናይት የመጀመሪያ ክፍል በጁላይ 2017 ለሽያጭ ቢወጣም፣ ጨዋታውን በዓለም ያስታወቀው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በነፃ የቀረበው ባትል ሮያል የተባለው ዓይነት ነው። እስከ 100 ተጫዋቾች በአንድ ደሴት ላይ ይወርዳሉ፣ መሣሪያ ፈልገው ያነሣሉ፣ ይተኳኮሳሉ። የመጫወቻው ክልል በዙሪያው ባለ ማዕበል እየጠበበ ስለሚሄድ አንድ ጥግ ይዞ ተደብቆ መቆየት አይቻልም፤ በመጨረሻ የሚቀረው አንድ ተጫዋች ወይም አንድ ቡድን ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው የቆየ ተጫዋች በአንድ ዙር 20 ደቂቃ ገደማ ያሳልፋል። ብቻን፣ ሁለት ሆኖ ወይም በአራት ሰው ቡድን መጫወት ይቻላል። ደም አይታይም፤ ሥዕሉም በካርቱን መልክ የተሠራ ነው። ኮሚሽኑ ክሱን ባቀረበበት ጊዜ ከ400 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች እንደነበሩት ገልጿል።

በአሜሪካ የጨዋታዎችን የዕድሜ ደረጃ የሚያወጣው ተቋም ፎርትናይትን ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ የመደበው ሲሆን፣ የአውሮፓው ተቋም ደግሞ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ብሎታል። ብዙ ወላጅ ይህን ቁጥር አይቶ ውሳኔውን እዚያው ይጨርሳል። ነገር ግን ደረጃው የሚለካው ጨዋታው ውስጥ ያለውን ይዘት፣ ማለትም ተኩሱን፣ ሥዕሉንና ንግግሩን ነው። ልጁ በኢንተርኔት የሚያገኘው እንግዳ ሰው በጆሮው ምን እንደሚለው ደረጃውን ያወጣው ተቋም አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንደሚገናኙና በጨዋታው ውስጥ ግዢ እንዳለ በተለየ ማስታወሻ ከሥሩ ይጽፋል። ከትልቁ ምልክት ይልቅ እነዚያን ሁለት አጫጭር መስመሮች ማንበብ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የ520 ሚሊዮን ዶላሩ ጉዳይ በሙሉ የመጣው በእነሱ በኩል ነውና።

ድምፁ

የመጀመሪያው ክስ መነሻ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ፎርትናይትን ሲከፍት የድምፅና የጽሑፍ ቻቱ ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ ይጠብቀው ነበር። በቡድን ለመጫወት ከመረጠና የሚያውቀው ጓደኛ ከሌለው ጨዋታው ራሱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ያሰልፈዋል፤ ልጁ የጆሮ ማዳመጫውን ሲያደርግ እነዚያ ሰዎች ይሰሙታል፣ እሱም ይሰማቸዋል። የ10 ዓመት ልጅና የ35 ዓመት ጎልማሳ በአንድ ቡድን ውስጥ በቀጥታ ያወራሉ ማለት ነው። ኮሚሽኑ እንዳለው በዚህ መንገድ ልጆችና ታዳጊዎች ስድብና ዛቻ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ፣ እንዲሁም ራስን ስለማጥፋት የሚወራ አስፈሪ ንግግር ደርሶባቸዋል።

ከክሱ ውስጥ በእኔ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ገና በ2017 የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው የድምፅ ቻቱ ከመጀመሪያው ተዘግቶ እንዲቀመጥና የፈለገ ብቻ እንዲከፍተው አሳስበው ነበር። ልጆች እየተተነኮሱ ነው የሚለው ሪፖርት እየመጣም ኩባንያው ሴቲንጉን ለመለወጥ አልፈቀደም። በኋላ ማጥፊያ ተጨመረ፤ ሆኖም ተጠቃሚው በቀላሉ በማያገኘው ቦታ መቀመጡን ክሱ ይገልጻል። በዚያ ላይ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የግል መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ወላጆቻቸውን እንዲያሳውቅና ፈቃዳቸውን እንዲያገኝ በ1998 የወጣው ሕግ የሚያስገድደው ሆኖ ሳለ ይህን አላደረገም፤ የልጃቸው መረጃ እንዲሰረዝ የጠየቁ ወላጆችንም ያለ አግባብ አንከራቷል፣ አንዳንድ ጊዜም ጥያቄውን ሳይፈጽም ቀርቷል ተብሏል።

ይህ ለወላጅ የሚያስረዳው ነገር አለ። ልጅን ጠርቶ «ከማታውቀው ሰው ጋር አታውራ» ማለት ብቻውን የማይበቃው ልጁ እምቢተኛ ስለሆነ አይደለም። ለጨዋታው የተሠራው መንገድ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያገናኘው ስለሆነ፣ ልጁ ትእዛዙን ለማክበር በየጊዜው ጨዋታውን ራሱን መታገል ይኖርበታል። ሴቲንጉን መለወጥ ይህን ትግል ከልጁ ላይ ያነሣለታል። በፎርትናይት የወላጅ ቁጥጥር ውስጥ የድምፅ ቻቱ ለሁሉም፣ ለጓደኞችና ለቡድን አባላት፣ ለጓደኞች ብቻ እንዲሆን፣ ወይም ለማንም እንዳይከፈት የሚመረጥበት ቦታ አለ። ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ እኔ የምመክረው «ለጓደኞች ብቻ» የሚለውን ነው፤ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር እየተጫወቱ መሳቅና መመካከር የጨዋታው ትልቁ ደስታ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ልጁን ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ይገፋዋል። እዚያው ላይ የጓደኞቹን ዝርዝር አብሮት መመልከትና «ይሄ ማነው? የት ነው የምታውቀው?» ብሎ በርጋታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ዙር የተዋወቀውን እንግዳ ወደ ጓደኛ ዝርዝር ማስገባት የጥቂት ሴኮንድ ሥራ ነውና። ቡድን ሲመረጥ ደግሞ ባዶውን ቦታ በማያውቃቸው ተጫዋቾች እንዳይሞላ ማድረግ ይቻላል።

ወላጆች በተደጋጋሚ የማያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። የጨዋታው ቻትና የመጫወቻው መሣሪያ ቻት የተለያዩ ናቸው። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ተጫዋቾች ከጨዋታው ውጭ ሆነው በቡድን የሚያወሩበት የራሳቸው ቻት አላቸው። የፎርትናይትን የዘጋ ወላጅ የመሣሪያውን ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ በሁለቱም ቦታ መግባት ግድ ነው። ከዚህም አልፎ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ዲስኮርድ ወደተባለው መተግበሪያ ይሻገራሉ፤ እሱ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማይፈቀድ ሲሆን፣ በፎርትናይት ላይ የተደረገ ቁጥጥር ደግሞ እዚያ አይደርስም። የሚተናኮል ሰው ብዙውን ጊዜ ልጁን ከጨዋታው አውጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ ይሞክራል። «ና እዚያ እናውራ»፣ «ፎቶህን ላክልኝ»፣ «ለእናትህ አትንገር» የሚሉት ንግግሮች ሲመጡ ልጁ ያለ ፍርሃት መጥቶ እንዲናገር ከወዲሁ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ስለተናገረ ጨዋታው አይነጠቅበትም። እንነጠቃለን ብለው የሚፈሩ ልጆች የደረሰባቸውን ይደብቃሉ።

ገንዘቡ

ሁለተኛው ክስ ስለ ግዢ ነው። ፎርትናይት ነፃ ነው፤ ገቢው የሚመጣው ልጆቹ ስኪን ከሚሏቸው የገጸ ባሕርይ አልባሳት፣ ከጭፈራዎችና ከመሳሰሉት ሽያጭ ነው። እነዚህ ነገሮች ተጫዋቹን የተሻለ ተኳሽ አያደርጉትም፤ የሚለውጡት መልኩን ብቻ ነው። የሚከፈለው በቀጥታ በዶላር ሳይሆን ቪ-ባክስ በተባለ የጨዋታው ገንዘብ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1,000 ቪ-ባክስ 9.99 ዶላር ነበር። በአዋቂም በልጅም ዘንድ እውነተኛው ዋጋ በዚህ ይደበዝዛል፤ 2,000 ቪ-ባክስ የሚባል ልብስ የገዛ የ13 ዓመት ልጅ ወላጁ 20 ዶላር ገደማ ማውጣቱን ላያሰላ ይችላል።

ክሱ የሚለው ግን ከዚህ ይከፋል። የጨዋታው የቁልፎች አደራረግ ወጥነት የሌለውና የሚያደናግር ስለነበር በአንዲት ቁልፍ መነካት ብቻ ግዢ ይፈጸም ነበር። ጨዋታውን ካንቀላፋበት ለማንቃት የሞከረ፣ በመጫኛው ገጽ ላይ ሳለ አንድ ቁልፍ የነካ፣ ወይም ልብሱን ለማየት ብቻ ፈልጎ አጠገቡ ያለውን የተጫነ ተጫዋች ሳያስበው ገንዘብ ወጥቶበታል። የመሰረዣውና የገንዘብ ማስመለሻው መንገድ ደግሞ ሆን ተብሎ እንዲሰወር መደረጉን ኮሚሽኑ ከስሷል። እስከ 2018 ድረስ ልጆች የወላጃቸው ካርድ በተመዘገበበት አካውንት ያለ ምንም የወላጅ ማረጋገጫ ቪ-ባክስ መግዛት ይችሉ ነበር፤ አንዳንድ ወላጆች ነገሩን ያወቁት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከወጣ በኋላ ነው። ስለማይፈለግ ግዢ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አቤቱታ ለኩባንያው መቅረቡንም ክሱ ይጠቅሳል።

ባንካቸው ዘንድ ሄደው ክፍያውን የተቃወሙ ሰዎች የገጠማቸውም በክሱ አለ። ኩባንያው አካውንታቸውን ይቆልፈዋል፤ በዚህም ከዚያ በፊት በፈቃዳቸው ከፍለው የገዙት ሁሉ አብሮ ይዘጋባቸዋል። ኩባንያው አካውንቱን ለመክፈት ሲስማማም ወደፊት እንደገና ክፍያ ቢቃወሙ እስከ ወዲያኛው ሊታገዱ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃቸው ነበር። ለአንድ ታዳጊ የአካውንቱ መዘጋት የዓመታት ድካሙና ከጓደኞቹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ መጥፋት ነው፤ ወላጅ በዚህ ምክንያት ገንዘቡን ትቶ ዝም ሲል አይገርምም።

የኔዘርላንድስ የሸማቾችና የገበያ ባለሥልጣን በሜይ 2024 በኤፒክ ጌምስ ላይ ከ1.1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቅጣት የጣለውም በተቀራራቢ ምክንያት ነው። ባለሥልጣኑ እንዳለው በጨዋታው ሱቅ ውስጥ ልጆችን በቀጥታ «አሁኑኑ ግዛ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ነበሩ፤ ዕቃው ሊያልቅ ነው የሚሉት የሰዓት ቆጣሪዎችም አሳሳች ነበሩ። ኩባንያው ውሳኔውን እንደሚቃወም አሳውቋል። በአውሮፓ የሚኖር ወላጅ ልጁ «ዛሬ ካልተገዛ ይጠፋል» እያለ ሲያለቅስ ቢያይ፣ ልጁን ያስቸኮለው ለዚያ ተብሎ የተሠራ ሰዓት ሊሆን እንደሚችል ማወቁ ቁጣውን ያበርድለታል።

ስለ ገንዘቡ በቤት ውስጥ የሚደረገው ከቻቱ ይቀላል። ክሬዲት ካርድ በልጅ አካውንት ላይ ተመዝግቦ መቆየት የለበትም፤ ተመዝግቦ ከሆነ ከፎርትናይትም፣ ከፕሌይስቴሽኑም ወይም ከስልኩም ላይ ማውጣት ነው። ማስቀመጥ ግድ ከሆነ እያንዳንዱ ግዢ ልጁ የማያውቀውን የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ልጁ በልደቱ ወይም በበዓል ስኪን መግዛት ከፈለገ መጠኑ የታወቀ የስጦታ ካርድ መስጠት ከሁሉ ይሻላል፤ ሲያልቅ ያልቃል፣ ከካርዱ በላይ የሚወጣ ገንዘብም አይኖርም። በነፃ ቪ-ባክስ እንሰጣለን የሚሉ ድረ ገጾችን በተመለከተ ለልጁ ሳያወላውሉ መናገር ይገባል፤ የሚፈልጉት የአካውንቱን የይለፍ ቃል ነው።

ከስምምነቱ በኋላ የተለወጠውና ያልተለወጠው

በስምምነቱ መሠረት ኤፒክ ጌምስ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ፣ ለታዳጊዎች ደግሞ ያለ ራሳቸው ወይም ያለ ወላጃቸው ግልጽ ፈቃድ የድምፅና የጽሑፍ ቻት እንዳይከፍት ተከልክሏል። ከሕጉ ውጭ የሰበሰበውን የልጆች መረጃም እንዲሰርዝ ታዟል። ኩባንያው በሴፕቴምበር 2022 ከ18 ዓመት በታች ላሉ ተጫዋቾች ቻቱ ከመጀመሪያው ዝግ እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ በዲሴምበር ደግሞ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ወላጃቸው እስኪፈቅድ ድረስ የድምፅ ቻትና በገንዘብ መግዛት የማይችሉበት የተለየ አካውንት ጀመረ። በ2023 መጨረሻ ላይ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ድምፅ ይዞ የሚያቆይና ተጫዋቹ ሲጠቁም ለኩባንያው የሚልክ የጥቆማ መንገድ ተጨምሯል። እነዚህ ጥሩ ለውጦች ናቸው፤ ከሰሱት እንጂ አልተሻለም የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ለልጆች ተብሎ የተደረገው የቻትና የግዢ ጥበቃ ግን የቆመው ልጁ በጻፈው የትውልድ ዘመን ላይ ነው። አካውንት ሲከፍት 1995 ብሎ የጻፈ የ12 ዓመት ልጅ በኩባንያው ዓይን ጎልማሳ ስለሆነ ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። በስደት በምንኖርበት አገር ይህ ነጥብ የእኛን ቤት በተለየ ይመለከታል። ከአማርኛ ሌላ ብዙ በማይነበብበት ቤት፣ ወይም አባትና እናት በተለያየ ሺፍት በሚሠሩበት ቤት፣ ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም የመጫወቻ መሣሪያውንም የሚያስተካክለው ልጁ ነው። ከኩባንያው የሚመጣውን ኢሜይል ለእናቱ የሚያነብላትም እሱ ነው። «እማዬ፣ እዚህ ጋ እሺ በይው» ሲላት ምን እንደፈቀደች የምታውቀው ከእሱ አንደበት ብቻ ነው። ይህ የልጁ ተንኮል አይደለም፤ ቤቱ የሰጠው ኃላፊነት ነው። ሆኖም የወላጅ ፈቃድ የተባለው ነገር በዚህ ቤት ውስጥ የልጁ ፈቃድ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በማናቸውም ቤት መጀመሪያ መታየት ያለበት በአካውንቱ ላይ የተጻፈው የትውልድ ዘመንና አካውንቱ የተያያዘበት የኢሜይል አድራሻ ነው። ኢሜይሉ የወላጅ መሆን አለበት። የወላጅ ቁጥጥሩን ለመክፈት የሚያስፈልገው የሚስጥር ቁጥርም ልጁ ከማያውቀው ቁጥር መሆን አለበት፤ የቤቱ ሁሉ ስልክ የሚከፈትበት ቁጥር ከሆነ ትርጉም የለውም። እንግሊዝኛው የሚከብደው ወላጅ ለዚህ ሥራ የራሱን ልጅ ሳይሆን የታላቅ ወንድሙን ልጅ፣ ጎረቤትን ወይም በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ የሚያውቀውን ወጣት ቢጠይቅ ይሻላል። አንዴ ተቀምጦ መሥራት በቂ ነው።

ውድድሩ

ታዳጊው ዕድሜው ከፍ ሲል ጨዋታው መዝናኛ ብቻ መሆኑ ያበቃና ደረጃ፣ ነጥብና ውድድር ይመጣል። በጁላይ 2019 ኒውዮርክ በሚገኘው አርተር አሽ ስታዲየም በተካሄደው የፎርትናይት የዓለም ዋንጫ የ16 ዓመቱ አሜሪካዊ ካይል ጊርስዶርፍ በነጠላ ውድድር 3 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። የውድድሩ አጠቃላይ ሽልማት 30 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ ዜና በየቤቱ ገብቷል፤ «ትምህርቴን ትቼ ይህን ልሥራ» የሚል ልጅ የሚጠቅሰው እሱን ነው። ልጁን ማላገጫ ማድረግ ሳያስፈልግ ሌላውን ቁጥር አብሮ ማየት ይገባል፤ በማጣሪያው ከ40 ሚሊዮን በላይ ተጫዋቾች መሳተፋቸውን ኩባንያው ሲገልጽ፣ ለነጠላው ፍጻሜ የደረሱት 100 ናቸው። ለመወዳደር የፈለገ የ15 ዓመት ልጅ ካለ፣ ይፋዊ ውድድሮቹ ከ13 ዓመት ጀምሮ መሆናቸውንና ለታዳጊ የወላጅ ፈቃድ እንደሚጠይቁ አውቆ ደንቡን አብሮ ማንበብ፣ የትምህርት ውጤቱ እስከተጠበቀ ድረስም ቅዳሜና እሑድ እንዲሞክር መፍቀድ ጤናማ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያው ልጅ ታሪክ ሌላ የሚጠቅም ነገር አለ። ካሸነፈ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በቀጥታ ሥርጭት እየተጫወተ ሳለ፣ አንድ ሰው በሰጠው የሐሰት ጥሪ ፖሊሶች ወደ ፔንሲልቬንያው ቤቱ መጡ። የደረሰ ጉዳት አልነበረም፤ ነገር ግን በአሜሪካ እንዲህ ያለ የሐሰት ጥሪ ሰው አስገድሎ ያውቃል። ልጅ በድምፅ ቻት የቤቱን ሰፈር፣ የትምህርት ቤቱን ስምና የቤተሰቡን ሙሉ ስም እንዳይናገር የሚመከረው ለዚህም ጭምር ነው። በተለይ በሽንፈት የተናደደ ተጫዋች ሲዝት መልስ መስጠት ሳይሆን ድምፁን መዝጋትና መጠቆም ይሻላል።

ሰዓቱ

ስለ ሰዓት የምለው አጭር ነው። የኢንተርኔት ግጥሚያ አይቆምም፤ አንድ ልጅ ለእራት ሲጠራ «ቆይ» የሚለው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ አቋርጦ ቢወጣ ቡድኑን በጎደሎ ይተዋል፤ በሌሎች ደረጃ ባላቸው ጨዋታዎች ደግሞ ቅጣት ይከተለዋል። ስለዚህ «እስከ 7 ሰዓት» ከማለት ይልቅ «ሁለት ዙር» ማለት ይሠራል፤ አዲስ ዙር ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያም ጭቅጭቁን በግማሽ ይቀንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጨዋታ ሱስን እንደ ሕመም ያወቀው ሲሆን፣ መለኪያው የሰዓት ብዛት ሳይሆን ልጁ ራሱን መቆጣጠር አለመቻሉ፣ ጨዋታውን ከሌላው ነገር ሁሉ ማስቀደሙና ጉዳት እያየም መቀጠሉ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የታየ መሆን አለበት። ትምህርቱን የሚከታተል፣ የሚተኛና ከሰው ጋር የሚበላ ልጅ በየቀኑ ስለተጫወተ ብቻ ታማሚ አይደለም።

አገር ቤትና ገንዘብ ማስመለሱ

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ታዳጊዎች የሚጫወቱት በስልክ ነው፤ ከፎርትናይት ይልቅም ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር ይታወቃሉ። የኮሚሽኑ ስምምነት እነዚህን ጨዋታዎች አይመለከትም፤ ጥበቃው ለአሜሪካ ተጠቃሚ የተሰጠ ነው። የጨዋታዎቹ አሠራር ግን ተመሳሳይ ነው፦ ነፃ መግቢያ፣ ከእንግዳ ጋር በቡድን መሰለፍ፣ የድምፅ ቻት፣ በጨዋታው ገንዘብ የሚገዛ ልብስ። በዚያ ያለ ወላጅ ስልኩን ተቀብሎ ቻቱ ለማን እንደተከፈተ ማየት ይችላል። ውጭ አገር ያለ አክስት ወይም አጎት ለወንድሙ ልጅ ብሎ ካርዱን ስልኩ ላይ ባያስገባ ይመረጣል፤ ልጁን ማስደሰት ከፈለገ የስጦታ ካርድ ይላክለት።

በአሜሪካ ኮሚሽኑ በሴፕቴምበር 2023 ገንዘባቸው ሊመለስላቸው ይችላል ላላቸው 37 ሚሊዮን ሰዎች ማሳወቂያ መላክ ጀመረ። በዲሴምበር 2024 ከ72 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በጁን 2025 ደግሞ ከ126 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተመልሷል። ማመልከት ይችሉ የነበሩት ከጃንዋሪ 2017 እስከ ሴፕቴምበር 2022 ያልፈለጉት ዕቃ የተከፈለባቸው፣ በዚያው ጊዜ ክፍያ በመቃወማቸው አካውንታቸው የተቆለፈባቸው፣ እንዲሁም ከጃንዋሪ 2017 እስከ ኖቬምበር 2018 ልጃቸው ሳያውቁ በካርዳቸው የገዛባቸው ወላጆች ናቸው። የማመልከቻው ጊዜ በ2025 ተዘግቷል፤ ስለዚህ አሁን «የፎርትናይት ገንዘብ እናስመልስልሃለን» ብሎ የባንክ ቁጥር ወይም ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ መልስ አለመስጠት ነው።

ዛሬ ሳያውቅ ገንዘብ የወጣበት ወላጅ ግን መንገድ አለው። በመጀመሪያ በአካውንቱ ውስጥ ያለውን የግዢ ታሪክ ከፍቶ ቀኑንና መጠኑን በፎቶ ያስቀምጥ፤ ግዢው በፕሌይስቴሽን፣ በኤክስቦክስ ወይም በስልክ በኩል ከሆነ ጥያቄው የሚቀርበው ለዚያ ሱቅ ነው፤ በቀጥታ ከኤፒክ ጌምስ ከሆነ ለኩባንያው በጽሑፍ። መልስ ካልመጣ ወይም ካልተስማማው ክፍያውን በባንኩ በኩል ይቃወማል። በማርች 2023 የጸደቀው የኮሚሽኑ ትእዛዝ ተጠቃሚው ያልፈቀደውን ክፍያ ስለተቃወመ ኤፒክ ጌምስ አካውንቱን እንዳይቆልፍበት ስለሚከለክል፣ የልጁ አካውንት ይዘጋል በሚል ፍርሃት ዝም ማለት አያስፈልግም።